ኪንታሮት ነካሹ ፌንጣና ዘፈኑ



ፌንጣን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሣር ስናጭድ ከእግራችን ሥር ይዘላል። እህል ሲያሸት ከማሳው አይጠፋም። አንዱ ቀን በፀሐይ፣ ሌላው ማታ በጨለማ ሲር ሲር ሲል ይሰማል። ግን ይህ ድምፅ ምንድን ነው? የሚጮኸው የትኛው ነው? የሚጮኸውስ ለማን ነው? ብዙዎቻችን ሰምተን አልፈነዋል እንጂ አልጠየቅንም።

ዛሬ የምናወራው በአውሮፓ ስለሚኖር አንድ ፌንጣ ነው። ስሙ «ኪንታሮት ነካሽ» ይባላል። በእንግሊዝ አገር ብርቅ ሆኗል። ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«የእንግሊዝ ፌንጣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። አንደኛ፣ ይህ ፌንጣ በእኛ አገር ዘመድ አለው። ዘመዱም የወሎ፣ የትግራይና የሰሜን ሸዋ ገበሬ በደንብ የሚያውቀው ደገዛ ነው። ሁለተኛ፣ የዚህ ፌንጣ መኖርና መጥፋት የተወሰነው በማረሻና በበግ መንጋ ነው። ማረሻና በግ ደግሞ የገበሬ ነገር ናቸው።

ሁለቱ ዘመዳሞች

በመጀመሪያ ፌንጣን ከፌንጣ እንለይ። አንበጣና ተራው ፌንጣ በራሳቸው ላይ ያለው ቀንድ አጭርና ወፈር ያለ ነው። ሌላው ወገን ግን ቀንዱ እንደ ክር ቀጭን ነው። ርዝመቱም ሰውነቱን ያህላል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ሴቷ ደግሞ ከጀርባዋ ጫፍ እንደ ጎራዴ ያለ ነገር አላት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ መውጊያ ይመስለዋል። መውጊያ አይደለም፤ እንቁላል መትከያ ነው። ይህን ወገን «የቁጥቋጦ ፌንጣ» እንበለው።

ደገዛ የቁጥቋጦ ፌንጣ ነው። ኪንታሮት ነካሹም እንዲሁ።

ደገዛ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በበዛበት ዓመት በተለይ የጤፍን ማሳ ይጎዳል። ለሳይንስ ሰዎች መጠሪያ የሰጠው ዴቪድ ራግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ ነበር። መጠሪያውን ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ነው። ስሙንም «ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ» አለው። ስሙ ረጅም ነው፤ ምላስ ያስራል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። «ዴክቲከስን የሚመስል፣ ክንፉ አጭር» ማለት ነው።

ዴክቲከስ ማነው? ዴክቲከስ የዛሬው እንግዳችን፣ ኪንታሮት ነካሹ ነው። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ነካሽ» ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን እዩት። ሁለት ዘመዳሞች አሉ። አንደኛው በእኛ አገር የጤፍ ጠላት ነው። ሌላው በእንግሊዝ አገር እንዳይገደል በሕግ ይጠበቃል። ሁለቱም ፌንጣ ናቸው፤ ሁለቱም ነካሽ ናቸው። ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ።

ስሙን ከየት አገኘው?

የዱሮ የስዊድን ገበሬዎች በእጃቸው ላይ ኪንታሮት ሲወጣ ይህን ፌንጣ ይዘው ያስነክሱት ነበር። ፌንጣው መንጋጋው ኃይለኛ ነው። ሲነክስም ከአፉ ቡናማ ፈሳሽ ይተፋል። ገበሬዎቹ ኪንታሮቱ በዚህ ይጠፋል ብለው ያምኑ ነበር።

ሊንየስ የሚባለው የስዊድን ሊቅ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ስም በሥርዓት የመዘገበ ሰው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1758 ለዚህ ፌንጣ ስም ሲያወጣ የገበሬዎቹን ልማድ ተከተለ። «ኪንታሮት በሊ» የሚል የላቲን ቃል ሰጠው። ሊቁ ስሙን የወሰደው ከገበሬው ነው ማለት ነው። ገበሬ ያየውን ሊቅ ጻፈው።

መልኩ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ክንፉ ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። ቡናማ የሆኑም አሉ። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወፍራምና ከባድ ነው። ሣርና አበባ ይበላል። ሌሎች ትንንሽ ነፍሳትንም፣ ተራውን ፌንጣ ጭምር፣ ይዞ ይበላል።

ዘፈኑ እንዴት ይወጣል?

ፌንጣ በአፉ አይዘፍንም። ታዲያ በምን ይዘፍናል?

ተራው ፌንጣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ እግሩን ከክንፉ ጋር ያፋትጋል። የቁጥቋጦ ፌንጣ ግን ሁለቱን የፊት ክንፎቹን እርስ በርስ ያፋትጋል። የግራው ክንፍ ከላይ ይሆናል። ከሥሩ እንደ ሞረድ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር አለ። የቀኙ ክንፍ ከታች ይሆናል። ጠርዙ ጠንካራ ነው። ክንፎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ሞረዱ ጠርዙን ይፍቃል። ከዚያ ድምፅ ይወጣል። በቀኙ ክንፍ ላይ ደግሞ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ቦታ አለ፤ እሱ ድምፁን ያጎላል። አንድ ሰው ማበጠሪያን በቢላ ጠርዝ ቢፍቅ ነገሩ ይገባዋል።

ክንፉ አጭር የሆነና የማይበር ፌንጣም መዝፈን ይችላል። ለመዝፈን ረጅም ክንፍ አያስፈልግም፤ ሞረዱና ጠርዙ ካሉ ይበቃል።

የኪንታሮት ነካሹ ዘፈን እንዲህ ነው። ሲጀምር ጢክ... ጢክ... ጢክ... እያለ ቀስ ይላል። ከዚያ ይፈጥናል። ቆይቶ ጢክጢክጢክጢክ እያለ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊው መኪናውን መርገጥ ሲጀምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ፈጠን፣ በኋላ አንድ ወጥ ይሆናል። የዚህም ፌንጣ ዘፈን እንደዚያ ነው።

የሚዘፍነው ቀን ነው፤ ያውም ፀሐይ ሲወጣና ሲሞቅ። ደመና ሲጋርድ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ፌንጣ እንደኛ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም። የሚሞቀው ከፀሐይ ነው። ሲሞቀው ክንፉ ይፈጥናል፤ ሲበርደው ይዘገያል።

ለማን ነው የሚዘፍነው?

የሚዘፍነው ወንዱ ነው። የሚዘፍነውም ለሴቷ ነው። «እዚህ ነኝ፤ ወገንሽ ነኝ፤ ነይ» ማለቱ ነው።

ሴቷ አትዘፍንም፤ ትሰማለች። ጆሮዋ ራሷ ላይ አይደለም። በፊት እግሮቿ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለት እግር፣ ሁለት ጆሮ። ድምፁ በየትኛው ጆሮ እንደሚበረታ ለይታ ወደዚያ ትዞራለች። ሣሩን እየጣሰች ድምፁን ተከትላ ትሄዳለች።

እያንዳንዱ የፌንጣ ዝርያ የራሱ ዘፈን አለው። ሴቷም የራሷን ወገን ዘፈን ከሌላው ትለያለች። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። በአውሮፓ በመልክ የማይለያዩ ሦስት ተራ ፌንጣዎች አሉ። ሊቃውንትም ቢሆኑ አይተው ለመለየት ይቸገራሉ። ዘፈናቸውን ሲሰሙ ግን ወዲያው ይለዩአቸዋል። ለደገዛ ስም ያወጣው ዴቪድ ራግም ከሬይኖልድስ ጋር ሆኖ የምዕራብ አውሮፓን የፌንጣ ዘፈኖች በትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ነው።

ወንዱና ሴቷ ከተገናኙ በኋላ ወንዱ ስጦታ ይሰጣል። ዘሩ ያለበትን ከረጢት በሴቷ ጅራት ሥር ይለጥፋል። በከረጢቱ ላይ ነጭ፣ እንደ ሙጫ የለሰለሰ ምግብ ይጨምርበታል። ሴቷ ምግቡን ቀስ እያለች ትበላለች። እሷ ስትበላ ዘሩ ወደ ሰውነቷ ይገባል። ምግቡ ከሌለ ከረጢቱን ቶሎ ትበላው ነበር፤ ዘሩም ይባክን ነበር። ነገሩ ጥሎሽ ይመስላል። ጥሎሽ የሌለው ሙሽራ ጎጆው አይጸናም እንደማለት ነው።

መዝፈን ግን አደጋም አለው። ድምፅን ጠላትም ይሰማዋል። ስለዚህ ወንዱ የሚዘፍነው ከረጅም ሣር ውስጥ ሆኖ ነው። ሰው ሲቀርብ ዝም ይላል። ቁራና ሌሎች ወፎች ካገኙት ይለቅሙታል።

እንቁላሉ በአፈር ውስጥ

ሴቷ በጎራዴ በሚመስለው መትከያ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትቀብራለች። የምትመርጠው አጭር ሣር ያለበትን ወይም ባዶ የሆነ፣ ፀሐይ የሚሞቀው መሬት ነው።

እንግሊዝ አገር ክረምት የሚባለው የዝናብ ወር ሳይሆን የብርድና የበረዶ ወር ነው። እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የብርድ ወቅት መሬት ውስጥ ያልፋል። አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል። በኋላ በሚያዝያ ገደማ ይፈለፈላል። የሚወጣው ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ነው። ኩብኩባው ቆዳውን ደጋግሞ እየጣለ ያድጋል። ከሐምሌ ጀምሮ ክንፍ አውጥቶ ይዘፍናል። ብርድ ሲመጣ ይሞታል። እንግዲህ ለሁለት ዓመት አፈር ውስጥ ቆይቶ፣ የሚዘፍነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። መሬቱ አንድ ጊዜ ተገልብጦ ከታረሰ የአንድ ዓመት ፌንጣ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ገና ያልተፈለፈለውም አብሮ ይጠፋል።

የት የት ይገኛል?

ኪንታሮት ነካሹ በዓለም ላይ ሰፊ አገር አለው። ከምዕራብ አውሮፓ ተነስቶ በእስያ በኩል እስከ ቻይና ድረስ ይገኛል። በአልፕስ ተራሮች የሣር ሜዳዎች ላይ ብርቅ አይደለም።

እንግሊዝ ግን የአገሩ ዳር ነው። ዳር ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይቸገራል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐዩ ይደክማል። በዚያ አገር የሚኖረው በደቡቡ ክፍል በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ሰሴክስ፣ ዊልትሺርና ዶርሴት በሚባሉት አውራጃዎች ቆይቷል። ዋነኛው ቦታ በምሥራቅ ሰሴክስ፣ ብራይተን ከተማ አጠገብ፣ ካስል ሂል የሚባለው ተረተር ነው። ድንጋዩ በሰሌዳ ላይ እንደምንጽፍበት ጠመኔ ነጭ ነው። አፈሩ ስስ ነው። ሣሩም ከጥንት ጀምሮ የበግ ግጦሽ ነው።

ለምን ተመናመነ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

ይህን ፌንጣ ያጠፋው ምን ነበር? ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ማረሻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በደቡብ እንግሊዝ የነበሩ ብዙ የጥንት የግጦሽ ተረተሮች በትራክተር ታረሱ። እህል ያስፈልግ ነበርና። በሌሎቹ ላይ ማዳበሪያ ተጨመረ፤ ሣሩም ረዝሞ ጥቅጥቅ አለ።

ሁለተኛው መተው ነው። ሳይታረስ በቀረው ተረተር ላይ ብዙ ቦታ በግ ማሰማራት ቆመ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ደግሞ የጥንቸል በሽታ እንግሊዝ ገባ። ሣሩን ይግጡ የነበሩት ጥንቸሎች አለቁ። በግም ጥንቸልም ሲጠፋ ሣሩ ረዘመ፤ ቁጥቋጦ ወረሰው። መሬቱ ጥላ ሆነ፤ ቀዘቀዘ። እንቁላሉም ሙቀት አጣ።

ቼሪልና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፌንጣ በካስል ሂል አጥንተዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ጽሑፍ ፌንጣው ምን ዓይነት መሬት እንደሚፈልግ አስረድተዋል። ፌንጣው አንድ ዓይነት መሬት አይበቃውም። ለእንቁላሉና ለኩብኩባው አጭር ሣርና ሙቅ መሬት ያስፈልጋል። ሲያድግ ደግሞ መደበቂያና መዝፈኛ የሚሆን ረጅም ሣር ያሻዋል። ሁለቱ በአንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ፌንጣው እየዘለለ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ሩቅ አይበርም።

እንዲህ ያለውን መሬት የሚሠራው ማነው? በልኩ የተሰማራ መንጋ ነው። በግ ከበዛ ሁሉም ሣር ተግጦ ያልቃል፤ መደበቂያ ይጠፋል። በግ ከጠፋ ሁሉም ሣር ይረዝማል፤ ሙቅ መሬት ይጠፋል። ልኩ ሲያዝ ግን እዚህ አጭር፣ እዚያ ረጅም ይሆናል። ስለዚህ ያንን ፌንጣ ለብዙ ዘመን ያኖረው ሳያውቀው እረኛው ነበር።

እንዴት ተረፈ?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 በእንግሊዝ የወጣ የዱር እንስሳት ሕግ ይህን ፌንጣ ከሚጠበቁት አንዱ አደረገው። ሕግ ብቻውን ግን ሣር አያጭድም። ስለዚህ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ከብትና በግ ተመልሰው በልክ እንዲግጡ ተደረገ። በለንደን የአራዊት ማቆያም ፌንጣው በእጅ ተራባ። የተራቡት ተወስደው ከጠፉበት ቦታ ተለቀቁ። ከነዚህ ቦታዎች አንዱ በኬንት አውራጃ ይገኛል። እዚያ ዘፈኑ እንደገና ተሰማ።

ጆሮ ሲቆጥር

ፌንጣው አረንጓዴ ነው፤ ሣሩም አረንጓዴ ነው። ታዲያ ስንት እንደቀረ በምን ይታወቃል?

በዘፈኑ ይታወቃል። ቆጣሪው ፀሐያማ ቀን መርጦ ይወጣል። በየዓመቱ በዚያው መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል። የዘፈነውን ወንድ ሁሉ ይቆጥራል፤ ቦታውን ይጽፋል። ሴቶቹ ስለማይዘፍኑ ቁጥሩ ግምት ነው። ቢሆንም የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲተያይ መጨመሩና መቀነሱ ይታወቃል።

ለዚህ ሥራ የወጣት ጆሮ ይሻላል። የቁጥቋጦ ፌንጣዎች ድምፅ በጣም ቀጭን ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቀጭን ድምፅ መስማት ይቀንሳል። አባትየው «ፌንጣው ጠፍቷል» ሲል ልጁ «ኧረ አባባ፣ ይኸው ይጮኻል» ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ለእኛስ?

ደገዛ ጤፍ ሲበላ ዝም ብለን እንየው የሚል የለም። እህል ከተበላ ቤተሰብ ይራባል። ግን የሚዘል ሁሉ ደገዛ አይደለም። በአንድ ማሳ ዳር ብዙ ዓይነት ፌንጣ ይኖራል። እህል የሚበላ አለ፤ ሣር ብቻ የሚበላ አለ፤ ሌላ ነፍሳት የሚበላም አለ። መርዝ ሲረጭ ግን ይህን ከዚያ አይመርጥም። ስለዚህ ከመርጨት በፊት መለየት ይገባል። ቀንዱ አጭር ነው ወይስ ረጅም? ክንፉስ? የሚዘፍነው ቀን ነው ወይስ ማታ? የት ቦታ? ስንት ነው? ይህን የሚያውቅ ገበሬ ለእርሻ ባለሙያው የሚነግረው ነገር አለው። «ፌንጣ መጣ» ከማለትና «ክንፉ አጭር፣ ቀንዱ ረጅም ፌንጣ ከምሥራቁ ማሳ ዳር በዝቷል» ከማለት የቱ ይጠቅማል?

መጻፍ የቻለ ሰው ደግሞ ይህንኑ ይጻፍ። ቀኑን፣ ቦታውንና የሰማውን በአንድ ደብተር ያኑር። የዛሬው ጽሑፍ ለከርሞ ማወዳደሪያ ይሆናል። የእንግሊዞቹ ቆጣሪዎች ያላቸው ጥበብ ይኸው ነው፤ ጆሮ፣ እርሳስና ደብተር።

ስለ ግጦሽም እናስብ። ሜዳ ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ የሚጠፋው የከብት መኖ ብቻ አይደለም። ሳይነካ ከተተወም የሚጠፋ አለ። ያ ፌንጣ በእንግሊዝ የዘፈነው መሬቱ በልክ እስከተያዘ ድረስ ነበር። መሬትን በልክ የሚይዘው ደግሞ ገበሬውና እረኛው ናቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ስንት ዓይነት ፌንጣ አለ? ስማቸው ማን ማን ይባላል?

2. ቀን የሚዘፍኑት የትኞቹ ናቸው? ማታስ?

3. ዱሮ ይሰማ የነበረ፣ አሁን ግን የማይሰማ ድምፅ አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ልጆችንም ጠይቁ።

4. የግጦሽ መሬታችን ከአሥር ዓመት በፊት ምን ይመስል ነበር? ዛሬስ?